ከመፈለግ በፊት መቅዳት፦ የጠፋ ፋይል የሚመልሱ ሦስት መሣሪያዎች

ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ ዊንዶውስ «ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉት» የሚል መልእክት ሲያወጣ ብዙ ሰው እሺ የሚለውን ይጫናል። ወደ ጥገና ቤት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደግነቱ ፈጣኑ ፎርማት አዲስ ማውጫ ይጽፋል እንጂ ፋይሎቹን አይፍቅም። ሙሉው ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ስለሚሞላው የሚመለስ ነገር አይተርፍም። መሰረዝም ከፈጣኑ ፎርማት ብዙ አይለይም። በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ላይ በተለመደው በፋት አደረጃጀት አንድ ፋይል ሲሰረዝ፣ ማውጫው ውስጥ ካለው ስሙ የመጀመሪያዋ ባይት በ229 ትተካለች፤ ይዞት የነበረው ቦታም ነጻ ተብሎ ይመዘገባል። ፎቶው ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው አለ።

የመልሶ ማግኛ ሶፍትዌር ሁሉ የተገነባው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። አሜሪካዊው ፒተር ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ኖርተን ዩቲሊቲስ ስሙ የገነነው የተሰረዘ ፋይል በሚመልሰው ክፍሉ ነበር። ዛሬ ተመሳሳይ ፕሮግራሞች በየዓይነቱ ይሸጣሉ። ለቤት የሚሸጠው ፈቃድ ብዙውን ጊዜ በገዢው ማሽን ብቻ የተወሰነ ነው፤ ለቴክኒሻን የሚሸጠው የደንበኞችን ማሽን ለመሥራት ይፈቅዳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ዋጋውን ሸሽቶ ክራክ የተደረገውን አውርዶ መጠቀም ምን እንደያዘ ለማይታወቅ ፕሮግራም የሰው ንብረት አሳልፎ መስጠት ነው፤ ይህን ከልቤ እቃወማለሁ። ከባዱን ሥራ የሚሠሩ፣ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ ነጻ መሣሪያዎች እያሉ ደግሞ ምንም ምክንያት የለውም።

ከእነዚህ አንደኛው ግኑ ዲዲሬስኪው ነው። የጻፈው አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሲያሻሽለው ኖሯል። ዲዲሬስኪው አንድም ፋይል አይፈልግም፣ ፎቶና ሰነድም አይለይም። ሥራው መቅዳት ብቻ ነው፦ የታመመውን ዲስክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሴክተር ወደ ጤነኛ ዲስክ ያሻግራል። ባለሙያን ከጀማሪ የሚለየው ይህን ከፍለጋ ማስቀደሙ ነው ብዬ አምናለሁ። እየሞተ ያለ ዲስክ ስንት ጊዜ እንደሚነበብ አይታወቅም፤ ፋይል ፈላጊ ፕሮግራም ሲለቀቅበት ደግሞ አንዱን የተበላሸ ቦታ ደጋግሞ ሲታገል ጤነኛው ሳይነበብ ዲስኩ ሊሞት ይችላል።

የዲዲሬስኪው አካሄድ እንደ አጨዳና ቃርሚያ ነው። መጀመሪያ በትልቅ በትልቁ እያነበበ ይነጉዳል፤ ችግር ሲገጥመው አይከራከርም፣ ዘሎ ያልፋል። በሚቀጥለው ዙር ከኋላ ወደ ፊት ይመለሳል። ጤነኛው ከተሰበሰበ በኋላ የተዘለሉትን ቦታዎች ከጫፋቸው አንዳንድ ሴክተር እያለ ያጠባቸዋል፣ ቀጥሎም መሃላቸውን ይለቅማል። በመጨረሻ እምቢ ያሉትን ቴክኒሻኑ በወሰነው ቁጥር ልክ ደጋግሞ ይሞክራል። ይህ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል።

የተደረገውን ሁሉ ደግሞ ካርታ በምትባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ይመዘግባል፤ የተነበበው የመደመር፣ የተበላሸው የመቀነስ፣ ያልተሞከረው የጥያቄ ምልክት ያገኛል። ሥራው መሃል ላይ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ብቻውን ፕሮግራሙን ለመማር በቂ ምክንያት ነው። ካርታዋ ሌላም ታደርጋለች፦ አንድ ዓይነት ይዘት ያላቸው ሁለት የተጫጫሩ ሲዲዎች ካሉ፣ ከአንዱ ያልተነበበውን ከሌላው ወስዶ አንድ ሙሉ ቅጂ መሥራት ይቻላል።

ጥንቃቄው አንድ ነው፣ ግን ከባድ ነው። ምንጩንና መድረሻውን ያቀያየረ ሰው ባዶውን ዲስክ በደንበኛው ዲስክ ላይ ይገለብጣል። ስለዚህ ትእዛዙን ከመልቀቅ በፊት የሁለቱንም ዲስኮች መጠንና መለያ ቁጥር ማየት ግድ ነው።

ቅጂው ከተያዘ በኋላ ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ግርኒዬ የጻፋቸው ቴስትዲስክና ፎቶሬክ ይመጣሉ። በቀድሞው አደረጃጀት የአንድ ዲስክ የክፍልፋዮች ሠንጠረዥ 64 ባይት ብቻ ነው፤ እሷ ከተበላሸች መላው ዲስክ ባዶ ይመስላል። ቴስትዲስክ ዲስኩን እያሰሰ ክፍልፋዮቹ የት እንደጀመሩና የት እንዳበቁ ያገኛል፣ ሠንጠረዡንም መልሶ ይጽፋል። ከመጻፉ በፊት ግን የፒ ቁልፍን ተጭኖ ፋይሎቹ መዘርዘራቸውን ማየት ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ የተመለሰ ፋይል ከነፎልደሩና ከነስሙ ይመጣል፤ በአማርኛ የተሰየመ ሰነድም ስሙን እንደያዘ ይገኛል።

ማውጫው ጨርሶ ሲጠፋ ተራው የፎቶሬክ ነው። እሱ ማውጫ አይጠይቅም፤ የየፋይሉን አጀማመር ያውቃል። ጄፔግ ፎቶ በ255፣ 216፣ 255 ባይቶች ይጀምራል፤ ዚፕ ፋይል በፒና በኬ ፊደሎች፣ እነዚህም የፈጣሪው የፊል ካትዝ ስም መነሻዎች ናቸው። አዲሱ የወርድ ሰነድም ውስጡ ዚፕ ስለሆነ በዚያው ይታወቃል። ፎቶሬክ በዚህ መንገድ ከ400 በላይ የፋይል ዓይነቶችን ይለያል። ድክመቱ ሁለት ነው፦ ስም ስለማይመልስ ሁሉም ቁጥር ተሰጥቶት ይወጣል፤ ተቆራርጦ የተቀመጠ ትልቅ ቪዲዮም ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ይመጣል። የሠርግ ፎቶ ከሆነ ካሜራው በየፎቶው ውስጥ የጻፈው ቀን ለመደርደር ይረዳል።

መሣሪያዎቹ የማይገቡበትም አለ። ቀጭ ቀጭ የሚል ሃርድ ዲስክ የማንበቢያ ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ኤሌክትሪኩን መንቀል ይሻላል፤ ከፍቶ መጠገንም ከአቧራ የጸዳ ልዩ ክፍል ይፈልጋል። ኤስኤስዲ ላይ ትሪም የሚባለው ሥርዓት እየሠራ ከነበረ የተሰረዘው ቦታ ወዲያው ሊጸዳ ይችላል። በቢትሎከር የተቆለፈ ዲስክ ደግሞ የይለፍ ቃሉ ወይም ባለ 48 አኃዙ ቁልፍ ከሌለ ቢቀዳም አይነበብም። በተቃራኒው በሾርትከት ቫይረስ «ጠፋ» ተብሎ የሚመጣ ፍላሽ በአብዛኛው ፋይሎቹ የተደበቁ ብቻ ስለሆኑ፣ ቫይረሱን አጽድቶ መደበቂያውን ማንሳት ይበቃል። ቴክኒሻኑ አስቀድሞ ይህን ካጣራ ደንበኛው ያለ አግባብ አይከፍልም።

ፎቶሬክ ባለቤቱ ከዓመታት በፊት ሆነ ብሎ የሰረዘውንም፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ የቀድሞውን ባለቤት ፎቶም ጭምር ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ርክክቡ ከደንበኛው ጋር መደረግ አለበት፦ ፋይሎቹን የሚከፍታቸው፣ የሚፈልገውንም የሚመርጠው እሱ ነው። ከተረከበ በኋላ በጥገና ቤቱ ዲስክ ላይ የቀረው ቅጂ ተራ መሰረዝ አይበቃውም፤ ከላይ እንዳየነው ሊመለስ ስለሚችል በዜሮ ተሞልቶ መጥፋት አለበት።