ፎገራን በክረምት ማን ያየዋል?

በበጌምድር የአውሮፕላን ነገር በደህና አልተጀመረም። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ የመጀመሪያዋን አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25ን፣ አዲስ አበባ አሳረፈ። ዓመት እንኳ ሳይሞላ አውሮፕላን ደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን ይገዙ በነበሩት በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ተላከ። መጀመሪያ የተበተነው ወረቀት ነበር፤ አዋጅና የአባቶች ግዝት ያለበት። ቀጥሎ ቦምብ መጣ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ራስ ጉግሣ አንቺም ላይ ወደቁ፤ ባለቤታቸው የነበሩት ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን አረፉ።

ከ42 ዓመት በኋላ በዚያው ሰማይ ሌላ እንግዳ ማለፍ ጀመረ፤ ይህን ግን ቀና ብሎ ያየው የለም። ሐምሌ 1964 አሜሪካ ያመጠቀችው ላንድሳት 1 የተባለው ሳተላይት በየ18 ቀኑ እየተመለሰ መሬትን ያነሳ ነበር። በእርሱ ምስል ላይ አንዷ ነጥብ 80 ሜትር በ80 ሜትር የሆነ መሬት ናት፤ ቤትም ሰውም አይለይባትም፤ ሐይቅ፣ ወንዝና ሜዳ ግን ይለያል።

በዚያን ጊዜ በዚያው በበጌምድር ያለው ፎገራ የሩዝ አገር አልነበረም። ከወረታ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋው ሜዳ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በበጋ የፎገራ ከብት የሚሰማራበት ነበር፤ ያ ረግረግ የማይበግረው፣ በወተቱ የታወቀው ከብት። ሩዝ የመጣው በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ፣ በጅግና እና በሻጋ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ነው። እስካሁን ገበሬው የሚዘራው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ጤፍን የሚያበሰብሰው ውሃ ለሩዝ ተስማማው። የሩዙ ማሳ ሲሰበሰብ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽንብራ ይከተላል፤ በርብና በጉማራ ዳር ደግሞ በሞተር ውሃ እየተሳበ ሽንኩርት ይለማል። አሁን በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ።

ይህን ለውጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያዩ የኖሩት ያ የሩቅ ካሜራና ተከታዮቹ ናቸው። የላንድሳት መዝገብ በ2001 ዓ.ም. ለዓለም ሁሉ በነጻ ከተከፈተ ወዲህ የፎገራን የበጋ ምስሎች በየዓመቱ ደርድሮ ያየ ሰው ግጦሹ እየጠበበ እርሻው ወደ ሐይቁ እየተጠጋ መሄዱን ያያል። በ2004 ጣና ላይ የታየው እምቦጭም እንዲሁ ነው፤ ለምለም ቅጠል በዓይን በማይታየው የብርሃን ክፍል አጥብቆ ስለሚያንጸባርቅ በውሃ ላይ የተነጠፈ አረም ከጠፈር ጎልቶ ይታያል።

«የሚበላ የሌለው አገር ጠፈር ምን ያደርግለታል?» የሚለው ጥያቄ፣ በ1996 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲመሠረት ጀምሮ ከማኅበሩ ሰዎች ጀርባ አልጠፋም። ከፌዝም የተረፉ አልነበሩም። እነርሱ ግን እንጦጦ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አስተከሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ገደማ፣ ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይናው የታይዩዋን ማዕከል በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ተነሣች። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ለሁለት ዓመት አገልግሎት የታሰበች፣ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች የተሳተፉባት የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ናት። ከወጪዋ አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ነበረች። ወረታን ከወልድያ ያገናኘውንም መንገድ የሠሩት ቻይናውያን ናቸውና ለዚህ አካባቢ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። በዓመቱ ሁለተኛዋ፣ አነስተኛዋ ሳተላይት ተከተለች።

የፌዘኞቹ ጥያቄ ፎገራ ላይ ሲቆሙ መልስ ያገኛል፤ የሚበላውን የሚወስድ ውሃ ከየት እንደ መጣና የት እንደ ደረሰ ማወቅ የሚበላ ጉዳይ ነውና። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ኢቲአርኤስኤስ-1 የተሠራችው በካሜራ እንድታይ ነው። ካሜራ ደግሞ ደመና አያልፍም።

ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወገን አፈር ተሸክመው ይወርዳሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይደክምና አፈሩን ይጥሉታል፤ የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፤ ውሃው ዳሩን አልፎ ይፈስሳል። በዚያ ላይ ጣና ሲሞላ የሚወርደውን ውሃ መልሶ ይገፋዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሐምሌ፣ በነሐሴና በጳጉሜን፣ ሰማዩ በተዘጋበት ወቅት ነው። በ1998 ክረምት ጎርፉ ፎገራን ሲያጥለቀልቅ በላዩ ያለፈ ካሜራ ሁሉ ያነሳው በአብዛኛው የደመናውን ጀርባ ነው። የኢቲአርኤስኤስ-1 ነጥብም 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለገበሬ ማሳ ይሰፋል፤ ሩብ ሄክታር የሚሆን አንድ ጥማድ መሬት 13 ያህል ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል፤ ከእነዚያም ዳር ዳሩን የያዙት ከጎረቤት ማሳ ጋር የተቀላቀሉ ናቸው። በበጋ ለደንና ለግጦሽ ጥናት ይህ በቂ ነው። ለጎርፍ ግን አይደለም።

ደመናን የሚያልፈው ራዳር ነው። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ መጋቢት 2006 ያመጠቀው ሴንቲኔል-1ኤ የፀሐይን ብርሃን አይጠብቅም፤ ርዝመቱ 5.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የራሱን ሞገድ ወደ ምድር ልኮ የሚመለሰውን ይሰማል። የደመና ጠብታ ለዚህ ሞገድ ከቁጥር አይገባም። የተኛ ውሃ እንደ መስታወት ሆኖ ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚወረውረው በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ሻካራው መሬት ይነጣል። ምስሉ ለማንም ነጻ ነው፤ ወረታ ላይ ኢንተርኔት ያለው ተማሪም ሊያወርደው ይችላል።

ይህም ሙሉ መድኃኒት አይደለም። አንዱ ሳተላይት በዚያው መስመር የሚመለሰው በ12 ቀን ነው፤ መንትያው ሴንቲኔል-1ቢ ታኅሣሥ 2014 ተበላሽቶ ተተኪው እስከ ኅዳር 2017 ስላልመጠቀ ሦስት ክረምት በአንድ ዓይን ታልፏል። ጎርፍ ደግሞ ሳምንት ሳይሞላ ገብቶ ይወጣል።

ዋናው ችግር ግን ሩዙ ራሱ ነው። ገበሬው ውሃ ፈልጎ ማሳውን በክትር ሲከብ የተኛው ውሃ በራዳር ጥቁር ነው። ጎርፍ መጥቶ ቡቃያውን ሲውጠውም ጥቁር ነው። ሩዙ ከውሃው በላይ ብቅ ሲል ሞገዱ ከውሃው ወደ አገዳው ነጥሮ ስለሚመለስ ምስሉ ይነጣል፤ ቅጠሉ ሲደራረብ ደግሞ ከሥሩ ያለው ውሃ ጭራሽ ይሰወራል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ በደስታ የተቀበሉትን ውሃና የመጣባቸውን ውሃ ለይቶ የሚናገረው እዚያው ጭቃ ውስጥ የቆመ ሰው ብቻ ነው። ሌላ አገር የተሠራ የጎርፍ ካርታ ይህን ሳያጣራ ፎገራ ላይ ቢወድቅ ግማሹን የሩዝ ማሳ «ተጥለቅልቋል» ሊል ይችላል፤ እርዳታ የሚከፋፈለው በዚያ ካርታ ከሆነ ጉዳቱ የመጣበት ገበሬ ወደ ኋላ ይቀራል።

ጥቅምት 2016 የናሳዋ «ሉሲ» የተባለች መንኮራኩር 790 ሜትር ገደማ ስፋት ባላት «ድንቅነሽ» በተባለች አስትሮይድ አጠገብ አለፈች፤ ትንሿ ጨረቃዋም «ሰላም» ተባለች። ስማችን እስከዚያ መድረሱ ያኮራል፤ እኔም ዜናውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን ከዚያ በፊት ባለፈው ክረምት ፎገራን በራዳር ታይ የነበረችው የሰው አገር ሳተላይት ናት፤ ያየችውንም በአማርኛ ተርጉሞ ለቀበሌ የሚያደርስ ቋሚ ሥራ የግድ ያስፈልጋል።

ቀጣዩ የኢትዮጵያ ሳተላይት ካሜራ ይሁን ራዳር ክርክሩ ይቀጥል። ራዳር ውድ ነው፤ ብዙ ኃይል ይበላል፤ በ70 ኪሎ ሳተላይት ላይ መጫኑም ቀላል አይደለም። ከዚያ በፊት ግን በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ አለ። የሴንቲኔል የማለፊያ ቀን ቀድሞ ይታወቃል። በዚያ ቀን የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ስልካቸውን ይዘው በየማሳው «ይህ የተከተረ ውሃ ነው፣ ይህ ጎርፍ ነው» እያሉ ከነቦታው ቢመዘግቡ፣ በሁለትና በሦስት ክረምት የፎገራን ጥቁር ከጥቁር የሚለይ ዘዴ ማውጣት ይቻላል። መዝገቡን የሚያስተባብር የሩዝ ማዕከል ወረታ ላይ አለ፤ ምስሉን የሚያነብ ባለሙያ በባሕር ዳርና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ይገኛል፤ የሚጎድለው የእነዚህን ሰዎች ደመወዝና የትራንስፖርት ወጪ በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ፣ ሐምሌ ላይ፣ ሩዙ ሳያድግ የሚለቅ መሥሪያ ቤት ነው።