ስለ ጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ነጥብ

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ደጃፍ ላይ የቆመ አስታማሚ ሁሉ የሚጠይቀን ያንኑ ነው፤ «ዶክተር፣ ይተርፍልናል?» ለዚህ ጥያቄ በቁጥር መልስ ለመስጠት ሐኪሞች ከ40 ዓመት በላይ ደክመዋል። ቁጥሩን ሰምቶ በሽተኛውን «በቃ ቤቱ ይሙት» ብሎ ይዞ ለመውጣት የተነሣ ቤተሰብ ስላየሁ፣ ዛሬ ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

በጣም የታወቀው ነጥብ አፓቼ ሁለት ይባላል። አሜሪካዊው ዶክተር ዊሊያም ናውስና ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። በሽተኛው በገባ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ 12 ነገሮች ይታያሉ፤ ትኩሳት፣ ግፊት፣ የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ ኦክስጅን፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ክሬአቲኒን እያለ ይቀጥላል። ከእያንዳንዱ የሚያዘው የከፋው ውጤት ነው። ዕድሜና የቆየ ሕመም ተጨምሮበት ድምሩ ከ0 እስከ 71 ይሆናል።

ከ12ቱ አንዱ ንቃተ ህሊና ነው። ስሙን ጠርተን ዓይኑን ይገልጥ እንደሆነ እናያለን፤ ካልገለጠ ጥፍሩን በእስክሪብቶ ጫን እናደርጋለን። እጁን ከሰበሰበ አንድ ነገር ነው፣ ምንም ካላደረገ ሌላ። ግን በቱቦ እንዲተነፍስ ማስተኛ መድኃኒት የወሰደ ሰውስ? እሱም አይመልስም። መድኃኒቱን ሳያስብ የሞላ ባለሙያ ሰውየውን ከሕመሙ በላይ ያከፋዋል።

ተቃራኒውም አለ። ያልተለካ ነገር በልማድ እንደ ጤነኛ ተቆጥሮ ዜሮ ይሰጠዋል። በብዙ ሆስፒታሎቻችን ኦክስጅኑን የሚለካው የደም ጋዝ ምርመራ እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ምርመራ ያጣው ድሃ በወረቀት ላይ ከሀብታሙ የተሻለ ጤነኛ መስሎ ይታያል! ለዚህ ነው በሩዋንዳ ተሠርቶ በ2016 የታተመው ቀመር ደስ የሚለኝ። የሚጠይቀው አምስት ነገር ብቻ ነው፤ ዕድሜ፣ ኢንፌክሽን መኖር አለመኖሩ፣ የግፊት መውረድ ወይም ሾክ፣ ንቃተ ህሊናና የልብ ምት። ይህን አልጋው አጠገብ ያለች ነርስ ያለ ውድ ማሽን ታውቀዋለች።

«ኮምፒውተሩ አይሳሳትም» ለምትሉኝም አንድ ልንገራችሁ። በአሜሪካ የሳንባ ምች በሽተኞችን የሞት አደጋ እንዲገምት የሰለጠነ ፕሮግራም፣ አስም ያለበት ሰው የመሞት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው ብሎ ተማረ። ሪች ካሩአና የተባለው ተመራማሪ እንደሚያስረዳው፣ መረጃው ሐሰት አልነበረም። አስም ያለባቸው በቀጥታ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው ከፍተኛ ክትትል ስለሚደረግላቸው ነው የተረፉት። ፕሮግራሙን አምኖ «ይህ ቀላል ነው» ብሎ ወደ ቤት የሚመልሳቸው ሆስፒታል ይገድላቸው ነበር።

ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ከነጥቡ ተነሥቶ የመሞት ዕድሉ «40 በመቶ» ነው ሲባል፣ እንደዚህ ከታመሙ 100 ሰዎች 40ው ሞተዋል ማለት ነው። አባትህ ከ40ው ይሁን ከ60ው ቁጥሩ አይነግርህም። ነጥቡ የተሠራውም የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች እርስ በርሳቸው እንዲወዳደሩና ጥናቶች እንዲመዘኑ እንጂ ሰው ከአልጋ እንዲወርድበት አይደለም። በዚህ ነጥብ ብቻ ሕክምና ማቋረጥ ስህተት ነው፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

የበለጠ የሚጠቅመው የሕመሙን አካሄድ ማየት ነው። ሶፋ የሚባለው ነጥብ ስድስት የአካል ክፍሎችን በየቀኑ ይከታተላል። በ2001 የወጣ የቤልጂየም ጥናት እንዳሳየው፣ መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ ነጥቡ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ከጨመረባቸው በሽተኞች ቢያንስ ግማሾቹ ሞተዋል፤ የቀነሰላቸው ደግሞ በብዛት ተርፈዋል።

ስለዚህ ሐኪሙን ስታገኙ «ስንት በመቶ ነው?» ከማለት ይልቅ እነዚህን ጠይቁ፦ ከትናንት ዛሬ ተሻለው ወይስ ባሰበት? የትኛው የአካል ክፍሉ ነው ያስቸገረው? ያልተሠራለት ምርመራ አለ? መልሱ ካልገባችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። የማስረዳት ግዴታ የእኛ ነው።