«ክልል»፣ «ዞን»፣ «ክላስተር»፦ የወልቂጤና የቡታጅራ የአስተዳደር ቃላት

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በጉራጌ አካባቢ በመስተዳድርና በፓርቲ ንግግር የሚዘወተሩ ጥቂት ቃላትን መመርመር ነው። ለዚህ ያነሣሣኝ የክፍል ውስጥ ገጠመኝ ነው። በንጉሡ ዘመን የተጻፈ ልብ ወለድ ስናነብ፣ አንድ ተማሪ «አውራጃ» የሚለውን ቃል «የዛሬው ዞን ማለት ነው» ሲል ፈታው፤ ጓደኞቹም ተስማሙ። እኔ ግን ፍቺው ያሳስታል እላለሁ።

ለምሳሌ ያህል ሁለቱን ከተሞች እንመልከት። በንጉሡ ዘመን ሁለቱም በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ቢሆኑም፣ ወልቂጤ በጨቦና ጉራጌ አውራጃ፣ ቡታጅራ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ነበሩ። በኢሕአዴግ ዘመን በአንድ የጉራጌ ዞን ተጠቃለሉ። ዛሬ ደግሞ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። ስለዚህ «አውራጃ»ን በ«ዞን» የሚተካ አንባቢ ከቃሉ ጋር ካርታውንም ይለውጣል።

«ክልል» ከ«ከለለ» የወጣ ስም ነው። ቀድሞ የታጠረን ወይም የተለየን ማናቸውንም ቦታ ይገልጽ ነበር። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን የፌዴሬሽኑ አባል መንግሥት መጠሪያ ሆነ። «ዞን» በአንጻሩ ባዕድ ቃል ነው፤ በአንቀጽ 47 በተዘረዘሩት የፌዴሬሽኑ አባላት መካከልም የለም። «ልዩ ወረዳ» ሲባልም «ልዩ» ተራ ቅጽል አይደለም፤ እንደ ቀቤናና እንደ ማረቆ ያለው ወረዳ በዞን በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ለክልል ተጠሪ መሆኑን ያመለክታል።

የቃላቱ ክብደት በይበልጥ የታየው በቅርቡ ነው። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም. ዞኑ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን የቀረበውን ጥያቄ አጸደቀ። ጠያቂዎቹ ይህን «የክልልነት ጥያቄ» ሲሉት፣ በሹማምንቱ ንግግር «የአደረጃጀት ጥያቄ» ይባል ነበር። የመጀመሪያው የመብት፣ ሁለተኛው የቢሮ ቃል ነው። በ2014 ዓ.ም. በርካታ ዞኖችንና ልዩ ወረዳዎችን በአንድነት የሚያደራጅ ሐሳብ «ክላስተር» በሚል ስም ቀረበ፤ ምክር ቤቱም አልተቀበለውም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ግን ጉራጌ በዚያው ታቀፈ። እንግዲህ የተጠየቀውም የተገኘውም «ክልል» ይባላል፤ ነገሩ ግን አንድ አይደለም። አንዱ የራስ፣ ሌላው ከሌሎች ጋር የጋራ ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥመን መዝገበ ቃላት ብቻውን አይበቃንም። ጽሑፉ መቼ ተጻፈ? ቃሉን የተናገረው ማን ነው? ተጠሪነቱስ ለማን ነው? እነዚህን ሳይጠይቅ የሚያነብ ተማሪ ቃሉን ያውቀዋል፤ ክርክሩን ግን አይሰማውም።