ውሃ ወደ ኋላ ይመለሳል

ለግቢ ቧንቧ መስመር ሲዘረጋ «የጎማው ጫፍ በርሜል ውስጥ አይግባ» ባልኩ ቁጥር የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ «ውሃ ከመንገድ ወደ ቤት ይመጣል እንጂ ከቤት ወደ መንገድ አይሄድም።» ይህን የሚሉኝ የቤት ባለቤቶች ብቻ አይደሉም፤ እንጀራቸው በዚሁ ሙያ የሆነ የቧንቧ ሠራተኞችም ይሉኛል። ባለቤቶቹን እረዳቸዋለሁ። ለባለሙያዎቹ ግን ትዕግሥት የለኝም፤ ስህተቱ ሰው ያሳምማልና።

እምነቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። መስመሩ ሙሉ ግፊት እስካለው ድረስ ውሃ በእርግጥ ወደ ቤት ብቻ ነው የሚመጣው፤ ቧንቧ የከፈተ ሁሉ የሚያየውም ይህንኑ ነው። መጠየቅ ያለበት ግፊቱ ሲጠፋ ምን ይሆናል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰፈር ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ፈረቃው ሲያበቃ በመስመሩ የቀረው ውሃ ወደ ዝቅተኛው ሰፈር ይወርዳል፤ ሲወርድም ከኋላው ያገኘውን ይስባል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ግቢ ውስጥ ቧንቧው እንደተከፈተ ከተረሳ፣ ጎማው ደግሞ በርሜል ውስጥ ከጠለቀ፣ የሚሳበው የበርሜሉ ውሃ ነው። ቤንዚን ከመኪና ታንክ በጎማ ሲቀዳ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

የሚገርመኝ ይህንኑ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች መካዳቸው ነው። መግቢያው ከሥር የሆነ ሮቶ ማታ ሞልቶ ጠዋት ጎድሎ ሲገኝ «መስመሩ ወሰደብን» ብለው ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቼክ ቫልቭ ያስገጥማሉ። ታዲያ የሮቶው ውሃ ወደ መንገድ ከሄደ የበርሜሉ ለምን ይቀራል? የራሳችን ንጹህ ውሃ እንዳይወጣ የተጨነቅነውን ያህል የቆሸሸው ወደ ሌላው ሰው ኩባያ እንዳይገባ ብንጨነቅ ምን ነበረበት።

በርሜሉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እናስብ። ሲሚንቶ የሚቦካበት ውሃ ሊሆን ይችላል፣ ልብስ የተዘፈዘፈበት፣ የከብት መጠጫ፣ ለጎመን የተበጠበጠ ፀረ ተባይ። ያ ውሃ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ይቆያል። ፈረቃው ሲመለስ መጀመሪያ ቧንቧ የከፈተ ሰው፣ ባለቤቱም ይሁን ጎረቤቱ፣ ይጠጣዋል። መልኩ የጠራ ሊሆን ይችላል፤ ታይፎይድና አሜባ ግን በዓይን አይታዩም።

ይህ ከፍተኛ ግፊት ባላቸው ከተሞችም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በሆሊ ክሮስ ኮሌጅ 90 ያህል የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾችና አሰልጣኞች በሄፓታይተስ ተያዙ፤ ቡድኑም የዓመቱን ውድድር አቋረጠ። ምክንያቱ ሲጣራ የተደረሰበት የመለማመጃ ሜዳው ቧንቧ ጋ ነው። በአካባቢው እሳት ተነሥቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከመስመሩ ብዙ ውሃ ሲስቡ ግፊቱ ወደቀ፤ መሬት ውስጥ ዝቅ ብለው ከተተከሉት የሣር ማጠጫዎች የተበከለ ውሃ ወደ መስመሩ ተመለሰ፤ ተጫዋቾቹና አሰልጣኞቹ ያንን ጠጡ። እዚያ ግፊት የጠፋው በእሳት ምክንያት ነው። እኛ ጋ በፕሮግራም ይጠፋል።

በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ላይ ፓምፕ የሚገጥም ሰው ነገሩን ያባብሰዋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ፓምፕ ቢበዛ ወደ 7 ሜትር ተኩል ጥልቀት ድረስ ሊስብ ይችላል፤ ይህ ጉልበት የጎረቤትን ጎማ ይመጥጣል፣ በላላ መጋጠሚያ በኩልም ከሽንት ቤት ጉድጓድ የሰረገውን እርጥበት ያስገባል። ፓምፕ የግድ ካስፈለገ ከራስ ታንከር ይሳብ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። የጎማው ወይም የቧንቧው አፍ ከበርሜሉ ከንፈር በላይ ቢያንስ የቱቦውን ውፍረት እጥፍ ያህል፣ በምንም ቢሆን ከ2.5 ሴንቲሜትር ያላነሰ ክፍተት ይኑረው፤ እንዳይወድቅም በሽቦ ይታሰር። መደብር ውስጥ ከተገኘ፣ ግፊት ሲጠፋ አየር አስገብቶ መሳቡን የሚያቋርጥ ቫልቭ ቧንቧው አፍ ላይ ይገጠማል። ቼክ ቫልቭ ብቻውን አያስተማምንም፤ በፈረቃ ውሃ የሚመጣ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ሥር ገብቶ ክፍት ሊያደርገው ይችላል።

ስለ ቧንቧ የሚባሉ ሌሎች ስህተቶችን ደግሞ ባጭሩ። «ወፈር ያለ ቱቦ ግፊት ይጨምራል» ይባላል። አይጨምርም። 10 ሜትር የውሃ ከፍታ 1 ባር ያህል ነው፤ ቱቦ ይህን አይለውጥም። ወፍራም ቱቦ የሚቀንሰው ውሃው በመንገድ ላይ የሚያባክነውን ግፊት ነው። ከቆጣሪው እስከ ቤት ያለው አሮጌ ብረት ዝጎ ከጠበበ በ25 ሚሊሜትር መተካቱ ለውጥ ያመጣል፤ ከቆጣሪው በፊት የደከመ ውሃን ግን ምንም ውፍረት አያበረታውም።

«ጠዋት የሚመጣው ቡናማ ውሃ የመንግሥት ነው።» አንዳንዴ ልክ ነው፤ ፈረቃ ሲመለስ ደለል ይነሣል። ከቆጣሪው አጠገብ የጠራ፣ ወጥ ቤት ሲደርስ ቡናማ ከሆነ ግን ዝገቱ የራስ ቱቦ ነው፤ የብረቱ የዚንክ ሽፋን አልቋል።

«የፒፒአር ፕላስቲክ ቱቦ አይበላሽም።» አይዝግም፤ ፀሐይ ግን ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል፤ ከመሬት የወጣው ክፍል ይሸፈን። ሲበየድም በ260 ዲግሪ ለ20 ሚሊሜትር 5 ሰከንድ ይበቃል፤ «ለጥንካሬ» ብሎ ማቆየት ፕላስቲኩን ወደ ውስጥ አቅልጦ መንገዱን ያጠብበዋል። ጎማ የሚጎተትበትና ጀሪካን የሚንጠለጠልበት የግቢ ቧንቧ ደግሞ ከኮንክሪት ምሰሶ ጋር ካልታሰረ ክሩ ላይ ይሰበራል።

በመጨረሻ፣ ቱቦው በተቀበረበት ጉድጓድ አፈሩ ከመመለሱ በፊት ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተው ቆጣሪው ይታይ። ከዞረ የሚያፈስ መጋጠሚያ አለ፤ ግፊት ሲኖር ውሃ የሚያወጣው ያ ቀዳዳ፣ ፈረቃው ሲያበቃ የጉድጓዱን ጭቃ ውሃ ያስገባልና ሳይጠገን አይደፈን።