የግራር ሙጫና ጄላቲን በውሃ ውስጥ ሲገናኙ



ከሱዳን እስከ ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያና ሰሜን ኬንያ ባሉት ደረቅ ቆላዎች የግራር ሙጫ ይለቀማል። አብዛኛው በጥሬው ተጭኖ ወደ ውጭ ይሄዳል። ልጆቻችን «ፖሊመር» ሲባል ፕላስቲክ ብቻ ይታያቸዋል፤ ይህ የአገራችን ሙጫም ፖሊመር መሆኑን ልናስረዳቸው እንወዳለን።

ፖሊመር ማለት ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ ዶቃ ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። የግራር ሙጫ በውሃ ሲሟሟ ሰንሰለቱ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። ጄላቲን ደግሞ ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ የእርሱ ሙል እንደ ውሃው አሲድነት ይለዋወጣል።

ሁለቱን ለየብቻ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሞቀ ውሃ አሟሙተን እንቀላቅል። ኮምጣጤ በጠብታ እየጨመርን ፒኤቹን ወደ 4 ስናወርደው ውሃው እንደ ወተት ይነጣል። ጄላቲኑ አዎንታዊ ሙል ስለያዘ ከሙጫው ጋር ተሳስቧል ማለት ነው። የተፈጠሩት ግን ጠጣር ቅንጣቶች ሳይሆኑ ጥቃቅን የፈሳሽ ጠብታዎች ናቸው፤ ሲቆዩ ከሥር ይዘቅጣሉ።

ምክንያቱ መሳሳብ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ሰንሰለት ተቃራኒ ሙል ያላቸው ትናንሽ አዮኖች አጅበውት ይኖራል። ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ሲያያዙ አጃቢዎቹ ይለቀቁና በውሃው ውስጥ እንደልብ ይበተናሉ፤ ይህ መበተን ውህደቱን ያግዛል። ብዙ ጨው ቢጨመር ግን ውሃው አስቀድሞ በአዮን ስለሚሞላ እገዛው ይቀንሳል፣ መሳሳቡም ይዳከማል፣ ጠብታዎቹም ይጠፋሉ።

እ.ኤ.አ. በ1929 ቡንገንበርግ ዴ ዮንግና ክራይት የተባሉ የኔዘርላንድ ሳይንቲስቶች ይህን ክስተት «ኮአሰርቬሽን» አሉት። ጠብታዎቹ ዘይትን እንደ ቅርፊት ይሸፍናሉ። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ዘዴ ካርቦን የማይፈልግ የደረሰኝ ወረቀት ተሠራ፦ እስክሪብቶ ሲጫነው ቅርፊቱ ይሰበራል፣ በዘይቱ ያለው ንጥረ ነገር ከታችኛው ወረቀት ሽፋን ጋር ሲገናኝ ጽሑፉ ይወጣል።

ሙጫው ከደጃችን የተለቀመ ነው፤ ወረቀቱን ግን ገዝተን ነው የምንጠቀመው። ይህ የሚለወጠው ልጆቻችን የሙጫውን ጠባይ ሲያውቁ ነው። ሙጫ፣ ጄላቲን፣ ኮምጣጤና ጨው ከሱቅ ይገኛሉ። በክረምቱ ዕረፍት ከታላላቆቻችሁ ጋር ሞክሩት፤ ስንት ማንኪያ ጨው ሲገባ ጠብታዎቹ እንደጠፉ መዝግባችሁ በመስከረም ይዛችሁልን ኑ።