የ12 ቮልት መብራት፦ ሰው ባይነዝርም ቤት ያቃጥላል

አዲስ አበባ ገና የአምስት ዓመት ገደማ ከተማ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1891፣ በጀርመኗ ፍራንክፈርት አም ማይን በተከፈተው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ዐውደ ርእይ 1,000 ያህል አምፖሎች በሩ። ኃይሉ የመጣው 175 ኪሎ ሜትር ርቆ በኔካር ወንዝ ዳር ከምትገኘው ላውፈን ነበር። ያን ያህል ርቀት ያቋረጠው ደግሞ ዲያሜትራቸው 4 ሚሊ ሜትር በሆነ ሦስት የመዳብ ሽቦዎች ነው። የዐውደ ርእዩ መሪ ኦስካር ፎን ሚለር ነበር፤ የሥራው ዋነኛ መሐንዲሶችም ሚካኤል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪና ቻርልስ ብራውን ነበሩ።

የላውፈን ጄኔሬተር ያመነጭ የነበረው ጥቂት አሥር ቮልት ብቻ ነው። ያ ቮልቴጅ እንዳለ ቢላክ ኖሮ ኃይሉ መንገድ ላይ ሽቦ ሲያሞቅ ያልቅ ነበር። ስለዚህ በትራንስፎርመር ወደ 15,000 ቮልት ገደማ ከፍ ተደርጎ ተላከ፤ ፍራንክፈርት ሲደርስም ዝቅ ተደረገ። ከተላከው ኃይል ሦስት አራተኛው ያህል ደረሰ።

ምስጢሩ ቀላል ነው። ኃይል የቮልቴጅና የከረንት ብዜት ነው። ሽቦን የሚያሞቀው ግን ከረንቱ ነው፤ ሙቀቱም በከረንቱ ካሬ ልክ ያድጋል። ቮልቴጁ በእጥፍ ሲጨምር፣ ለተመሳሳይ ኃይል የሚያስፈልገው ከረንት በግማሽ፣ በሽቦው ላይ የሚባክነውም ወደ ሩብ ይወርዳል።

ዛሬ በኩሽና መደርደሪያ ሥር ወይም በጣራ ጠርዝ ላይ የኤል.ኢ.ዲ. መብራት የሚዘረጋ ሰው ይህንኑ ሕግ በተቃራኒው ያገኘዋል። አዳፕተሩ የቤቱን 230 ቮልት ወደ 12 ቮልት ያወርደዋል። 48 ዋት የሚፈጅ መብራት በ230 ቮልት 0.2 አምፔር ያህል ብቻ ሲስብ፣ በ12 ቮልት ግን 4 አምፔር ይስባል። ሽቦው አንድ ዓይነት ከሆነ ብክነቱ ከ360 ጊዜ በላይ ይሆናል።

መብራቱ ከአዳፕተሩ 10 ሜትር ቢርቅና ሽቦው 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆንስ? የደርሶ መልሱ 20 ሜትር ሽቦ 0.47 ኦም ገደማ ተቃውሞ አለው። 4 አምፔር ሲፈስበት ወደ 2 ቮልት የሚጠጋው መንገድ ላይ ይቀራል፤ መብራቱም ይደበዝዛል። መፍትሔው አዳፕተሩን ማቅረብ፣ ሽቦውን ማወፈር፣ ወይም ባለ 24 ቮልት መብራት ከነአዳፕተሩ መምረጥ ነው። የድሮ የሃሎጅን ትራንስፎርመርም ላይመች ይችላል፤ ብዙዎቹ በትክክል ለመሥራት አነስተኛ የዋት ጭነት ይፈልጋሉና፣ ጥቂት ዋት ብቻ የሚፈጀው ኤል.ኢ.ዲ. ሲገጠምላቸው መብራቱ ይርገበገባል።

ከመደብዘዙ የሚከፋው ግን እሳት ነው። 12 ቮልት ደረቅ እጅን አይነዝርም፤ ብዙዎችን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። በላላ ማያያዣ ወይም ከአቅሙ በላይ በተጫነ ቀጭን ሽቦ ውስጥ የሚፈሰው ከረንት ፕላስቲክ ለማቅለጥና እንጨት ለማቀጣጠል ይበቃል። ከአዳፕተሩ በስተጀርባ ያለው 230 ቮልት ደግሞ ገዳይነቱ አልተለወጠም፤ እርሱን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ መተው ይገባል።

ነገሩ በሀገር ቤት በፀሐይ ኃይል ለሚበሩ ቤቶች ይበልጥ ይመለከታል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ሁለቱ ሽቦዎች ድንገት ከተነካኩ፣ በቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ፣ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ ይገጠም፤ መጠኑም ሽቦው ከሚችለው ከረንት አይብለጥ። የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ ቁራጭ መተካት ጠባቂውን አሰናብቶ በሩን ክፍት እንደመተው ነው።

ለቤታቸው መብራት የሚገዙ ሰዎች እንግዲህ ቮልቱን አይተው ብቻ አይመለሱ። ዋቱን ለቮልቱ ያካፍሉ፤ የሚያገኙት አምፔር ሽቦውንም ፊውዙንም ይመርጥላቸዋል።