እርሾ አየር ሲያገኝና አየር ሲያጣ

በቤትዎ ጠጅ ሲጣል አይተው እንደ ሆነ፣ ብርዙ ከጋን ከገባ በኋላ አፉ በጨርቅ ተሸፍኖ እንደሚታሰር ያውቃሉ። ስለ ምን እንደሚታሰር ባለሙያዪቱን ቢጠይቋት፣ «አየር ገብቶ እንዳያኮመጥጠው» ትልዎታለች። መልሷ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በጋኑ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ አይገልጥም።

ብርዙን የሚያፈላው እርሾ በዓይን የማይታይ፣ ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው። ለመኖርና ለመባዛት የሚያስፈልገውን ኃይል ከስኳር የሚያወጣባቸው ሁለት መንገዶች አሉት። አየር ሲያገኝ እንደ እኛው ይተነፍሳል፤ ይኸውም ስኳሩን በኦክሲጅን ፈጽሞ አቃጥሎ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርገዋል። ከዚህም ብዙ ኃይል ስለሚያገኝ በብርቱ ይባዛል። አየር ሲያጣ ግን ስኳሩን ከፍሎ ኤታኖልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አድርጎ ይተወዋል። የሚያገኘው ኃይል ጥቂት ነውና ለመኖር ብዙ ስኳር መፍጀት ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ አልኮል ማለት ለእርሾው ሳይነድ የቀረ ማገዶ ነው፤ እሳት ሲያገኝ የሚነደውም ኃይሉ ገና በውስጡ ስላለ ነው።

እርሾ በአየርና ያለ አየር ያለውን ልዩ ልዩ ጠባይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1861 ዓ.ም. የገለጠው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። ወደዚህ ጥናት ያገባውም በ1856 በሊል ከተማ ሳለ፣ የቀይ ሥር ዘመድ ከሆነው ከስኳር ሥር አልኮል የሚያወጣ አንድ ባለ ፋብሪካ፣ ሥራው ቢበላሽበት እርዳታ ስለ ጠየቀው ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል በሆነ ነበር። የጠጅና የዳቦ እርሾ ግን እንግዳ ጠባይ አለው፤ ስኳሩ የበዛለት እንደ ሆነ አየር ሞልቶለት እንኳ አልኮል ያወጣል። ስለዚህ የዳቦ እርሾ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አየር በብርቱ ከመንፋታቸው ሌላ ሞላሰሱን ጥቂት በጥቂት ይጨምሩለታል። በአንድ ጊዜ ቢያፈሱለት ከሚሰበስቡት እርሾ ብዙው ቀርቶ ስኳሩ አልኮል ሆኖ ይጠፋባቸዋል።

በመጀመሪያው ቀን ብርዙን ማማሰል አይጎዳውም፤ እርሾው የሕዋሱን ልባስ ለመሥራት ጥቂት ኦክሲጅን ያሻዋልና። አልኮሉ ከወጣ በኋላ የሚገባ አየር ግን ለሌላ ወገን ሲሳይ ነው፤ ሆምጣጤ የሚያደርጉ ባክቴሪያዎች በኦክሲጅን ረዳትነት አልኮሉን ወደ ሆምጣጤ ይለውጡታል። የባለሙያዪቱ ፍርሃት ይህ ነው።

ሆኖም ጋኑ ጭራሽ መታፈን የለበትም። 100 ግራም ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ቢፈላ 51 ግራም ያህል ኤታኖልና 49 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ በተግባር የሚገኘው አልኮል ከዚህ ያንሳል፣ እርሾውም ድርሻውን ይበላልና። ያ ጋዝ ብቻውን ወደ 25 ሊትር ስፍራ ይይዛል። ገና የሚፈላ ጠጅ በጠርሙስ ሞልተው በቡሽ ቢደፍኑት ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። ጋዙም ከአየር የከበደ ስለ ሆነ፣ ብዙ ጋን በሚፈላበት ጠባብ ክፍል በወለሉ ላይ ይተኛል፤ ሲበዛም ሰውን አፍኖ ይገድላል። ወደዚያ ከመግባትዎ በፊት በሩንና መስኮቱን ከፍተው ክፍሉን በሚገባ ያናፍሱ።